ዘይቤን ክርስትና ያስነሣሁባቸው ዓመታት

ጡረታ የወጣሁ ሰሞን፣ በእኔ ቦታ የተመደበው ወጣት መምህር ፍኖተ ሰላም ቤቴ ድረስ መጣ። ጨዋ ልጅ ነው፤ ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ሰጠኝና ተቀመጥ እስክለው ቆሞ ጠበቀ። ከዚያ ስልኩን አወጣና «ቲቸር፣ የዘይቤዎቹን ዝርዝር ከነትርጉማቸው ቢሰጡኝ ፎቶ አንሥቼው ልሂድ» አለኝ።

«ዝርዝር የለኝም» አልሁት።

የቀለድሁበት መሰለው። «ይህን ሁሉ ዘመን ያለ ዝርዝር ነው ያስተማሩት?»

«ያለ ዝርዝር! ደግሞም አሳምሬ ነው ያስተማርሁት» አልሁት። ራሴን ማሞገሴ መሆኑን አውቃለሁ። ምን ላድርግ፣ ሥራዬን ከእኔ በላይ ማን ያውቀዋል? ልጁ ግራ እንደገባው ሄደ፤ ቅዳሜ ተመለስ ብዬዋለሁ። እስከዚያ ግን ነገሩ ከራሴ አልወጣ ስላለኝ ቁጭ ብዬ ይህን ጻፍሁ።

ተወልጄ ያደግሁት ፈረስ ቤት ነው። ማስተማር የጀመርሁትም እዚያው ደጋ ላይ፣ በደርግ ጊዜ፣ አንደኛ ደረጃ ነበር፤ ሒሳቡም፣ እርሻውም፣ ስፖርቱም በእኔ ትከሻ ላይ ነበር። ኢሕአዴግ ከገባ በኋላ የክረምት ትምህርቴን ጨርሼ ዲፕሎማዬን ስይዝ የአማርኛ መምህርት ተብዬ ቡሬ ተመደብሁ። ደመወዙ ከወር ወር አያደርስም ነበር፤ እሱን መምህር የሆነ ሁሉ ስለሚያውቀው አልመለስበትም።

ቡሬ እንደገባሁ ያስተማርሁት ራሴ በተማርሁበት መንገድ ነው። ሰሌዳው ላይ «ተነጻጻሪ ዘይቤ ማለት» ብዬ እጽፋለሁ፤ ልጆቹ በአንድ ድምፅ ያነበንባሉ። «ተለዋጭ ዘይቤ ማለት» እላለሁ፤ ያነበንባሉ። ድምፃቸው አስፋልቱ ድረስ ይሰማል፣ እኔም ደረቴን ነፍቼ እወጣለሁ። አንድ ቀን ከጎኔ ባለው ክፍል የሚያስተምሩት መምህር ገላው አንኳኩተው ገቡ። በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ፣ በልጅነታቸው ቅኔ ቤት ቆይተው ኋላ ወደ ዘመናዊው ትምህርት የተሻገሩ፣ በጋ ከክረምት ካፖርት የማያወልቁ ሰው ነበሩ። ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው እስከ ደወል ድረስ ሰሙኝና ልጆቹ ሲወጡ «አሰለፈች፣ ልጆችሽ ጎበዞች ናቸው» አሉኝ።

«እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ።»

«አንድ ነገር ልጠይቅሽማ። ከእነዚህ ውስጥ ግጥም የሰማ አለ?»

ክው አልሁ። ትርጉሙን በቃላቸው ይወጡታል፤ ግጥም ግን አንድም አላነበብሁላቸውም። እንዲያም ሆኖ ማመስገን ሲገባኝ ተናደድሁ። «ትርጉሙን ሳይዙ ግጥሙ እንዴት ይገባቸዋል?» ብዬ ሞገትኋቸው። እሳቸው ሳቅ አሉና «ነገ እኔ ክፍል ነይ» ብለውኝ ሄዱ።

በማግሥቱ ሄድሁ። መጀመሪያ ውጭ ካለው ቧንቧ እጃቸውን ከጠመኔው ታጠቡ። ግጥም በጠመኔ እጅ አያነቡም ነበር። ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞረው፣ ጀርባቸውን ለተማሪው ሰጥተው ቆሙ። ኋላ ምክንያቱን ስጠይቃቸው «ፊቴን ካዩ ፊቴን ነው የሚሰሙት» አሉኝ። ያነበቡት ራሳቸው የገጠሟትን ሁለት ስንኝ ነበር፦

በሩ እያቃሰተ፣ ደጁ እየቆዘመ፣
አንተ ከሄድህ ወዲህ ቤቱ ራሱ ታመመ።

አንብበው ጨረሱ። አንዲት ልጅ «ቤት ይታመማል እንዴ?» አለች። መምህር ገላው ዞር ብለው ከካፖርታቸው ኪስ አንድ እፍኝ ቆሎ አወጡና ለልጅቱ ዘገኑላት። ቆሎው ለመለሰ ሳይሆን ለጠየቀ ነበር የሚሰጠው። ከዚያማ ክፍሉ ተንጫጫ። የሄደው ማን ነው? በሩ የሚያቃስተው ማጠፊያው ዝጎ ነው ወይስ ሌላ ነው? ልጆቹ በሳምንቱ የራሳቸውን ይዘው መጡ፤ አንዱ መንገድ አኮረፈብኝ አለ፣ አንዷ የእናቷን ድስት አስለቀሰች። ስሙ የተነገራቸው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። መምህር ገላው አንድ ማለዳ «እንግዲህ ክርስትና እናንሣው» ብለው ሰሌዳው ላይ «ሰውኛ ዘይቤ» ብለው ጻፉ። «ሰው ላልሆነ ነገር የሰውን ጠባይ ሰጥታችኋል፤ የሠራችሁት ነገር ስሙ ይኸ ነው» አሏቸው።

«ጋሼ፣ ምነው ስሙን መጀመሪያ ቢሰጧቸው?» አልሁ።

«አንቺ ሳትወለጂ ነው ክርስትና የተነሣሽው?» አሉኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ የሠራሁት ሥራ መሠረቱ የእሳቸው ነው። ግድግዳውን ያቆምሁት ግን እኔ ነኝ፤ ይህን ስናገር አላፍርም።

ማንኩሳ በተዛወርሁ ጊዜ ሐረግንና ስንኝን በእግር አስተማርሁ። ልጆቹን ሜዳ ላይ አሰልፋለሁ፤ ግጥሙን እያሉ ይራመዳሉ፤ ስንኙ መሐል ላይ ትንፋሽ የሚሰበስቡባት ቦታ ስትደርስ ቆም ይላሉ፣ ስንኙ ሲያልቅ ያጨበጭባሉ። እስከ መቆሚያው ያለው አንዱ ሐረግ ነው፣ ሁለቱ ሐረግ አንድ ላይ ስንኝ ነው፣ ጭብጨባው የሚያርፍባት የመጨረሻዋ ፊደል ደግሞ ቤት መምቻዋ ናት። አጓጉል የተገጠመ ግጥም ሲያጋጥማቸው እግራቸው ይደናቀፋል፤ ማንም ሳይነግራቸው ያውቁታል።

ተነጻጻሪንና ተለዋጭን ያስተማርሁበትን ደግሞ ስሙኝ። ሦስት ልጆች አቆማለሁ። አንዱን እሱ ነህ እለዋለሁ፣ አንዱን አንበሳ ነህ እለዋለሁ፣ መሐላቸው የሚቆመው ሁለቱንም እጅ ለእጅ የሚይዝ «እንደ» ነው። «እሱ እንደ አንበሳ ነው» ይላል ክፍሉ። ይህ ተነጻጻሪ ነው፤ ሁለቱ ጎረቤት ናቸው እንጂ አንድ አይደሉም። ከዚያ «እንደ»ን ጎትቼ አስወጣዋለሁ። ሁለቱ ልጆች መሐላቸው ባዶ ሲሆን ይተያዩና ይተቃቀፋሉ። «እሱ አንበሳ ነው!» ይላል ክፍሉ። ተለዋጭ ማለት ይኸው ነው። ይህን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ መምህር ገላው ሳይቀሩ መጥተው አይተው ካፖርታቸውን ይዘው እንባቸው እስኪወርድ ስቀዋል።

ፍኖተ ሰላም ከገባሁ በኋላ በግምገማ ላይ «ዓላማውን ክፍለ ጊዜው ሲጀመር ሰሌዳ ላይ አትጽፍም» ተብዬ ተገምግሜያለሁ። ሂሱን ዋጥሁት፣ ማስተማሬን ግን በራሴ መንገድ ቀጠልሁ። ፕላዝማው ሲመጣም ባልደረቦቼ ቴሌቪዥን ከፍተው ዳር የሚቆሙ ሆኑ፤ ሒሳቡም ፊዚክሱም ከስክሪን በእንግሊዝኛ ይወርዳል። አማርኛ ግን ፕላዝማ አልገባበትም። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ከየክፍሉ «ቲቸር አሰለፈች ትምጣልን» ይባላል። ያኔ ሽንጤን ገትሬ ስገባ ብታዩኝ!

ትርንጎን ያገኘኋት በዚያ ወራት ነው። አገሯ ቋሪት ነው፣ ከገበዝ ማርያም ወጣ ብሎ ካለ ገጠር። ፍኖተ ሰላም የምትኖረው ጨርቅ ነጋዴው ጋሼ ሰይድ ግቢ ውስጥ፣ በጓሮ በኩል ባለች ክፍል ተከራይታ ነው። ዘጠነኛንም አሥረኛንም ያስተማርኋት እኔ ነኝ። ዝምተኛ ናት፣ ጆሮዋ ግን አይጣል ነው! ሰው መንገድ ላይ የተናገረውን ሰምታ መጥታ «ቲቸር፣ ዛሬ አንዲት ሴትዮ ሽንኩርቱን ሲቆጡት ሰማሁ» ትለኛለች።

ይህች ልጅ ምን እንደተደገነባት ከመጀመሪያው ነግራኛለች። ደህና ሀብት ካለው ቤት ሽማግሌ ተልኮባት ነበር። አባቷ አያ ታከለ «አሥረኛን ካለፍሽ ትማሪያለሽ፤ ከወደቅሽ በጥር ትዳሪያለሽ» ብለው ቁርጡን ነግረዋታል። እሷ መሰናዶ ገብታ ጤና መማር ነበር ምኞቷ። «በአማርኛ እንኳ አታስቢ» አልኋት። «አማርኛውማ ያንቺ ነው።»

የዚያ ዓመት ክፍል ከአስተማርኋቸው ሁሉ የበለጠ ነበር። ዘይቤውን አንድ በአንድ ኖሩበት። ስሙን ገና ስላልነገርኋቸው ለየራሱ ቅጽል ስም አወጡለት። ሰውኛን በመምህር ገላው ግጥም «የታመመው ቤት» አሉት። ግነትን ለማስተማር እኔ ደግሞ ይህችን ገጥሜላቸው ነበር፦

ስላንቺ ሳነባ፣ እንባዬ ወርዶ ውሎ፣
ፈጣም ሞላ አሉኝ፣ ክረምት ገባ ተብሎ።

ፈጣም የአገራችን ወንዝ ነውና ግነት «ፈጣም ሞላ» ተባለ። ጉራ የሚነዛ ልጅ ከተገኘ ግቢው በሙሉ «ፈጣም ሞላ!» ይለዋል። ሌሎች መምህራን ምን እንደሆነ ሳይገባቸው ይስቃሉ፣ እኔ ደግሞ ደስ ይለኛል። ከደስታዬ ብዛት ክርስትናውን አዘገየሁት። ሁሉንም ስም ዓመቱ ሲያልቅ በአንድ ላይ፣ እንደ ድግስ አድርጌ ልሰጣቸው አሰብሁ።

ዓመቱ ሊያልቅ ሲል መምህራን ለስልጠና ትፈለጋላችሁ ተባልን። ወስደው ሳምንታት አስቀመጡን። ስመለስ ፈተናው ደጅ ላይ ቆሟል። ለልጆቹ «ነገሩን ታውቁታላችሁ፣ ስሙን ከመጽሐፉ እዩት» አልኋቸው። መጽሐፉ እኮ ለስንትና ስንት ልጅ አንድ ነበር! ይህን እያወቅሁ ነው ያልሁት። ነገሩን ያወቀ ሰው ስም ያቅተዋል ብዬ አላሰብሁም።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ውጤት መጣ። ትርንጎ ቤቴ መጥታ በሩ ላይ ቆመች። በትንሽ ነው ማለፊያው ያመለጣት፤ የጣላትም አማርኛ ነው። አማርኛ!

«ምን ሆነሽ ነው?» አልኋት።

«ቲቸር፣ ግጥሙ ገብቶኛል። ቤቱ መታመሙን አይቻለሁ» አለች። «ግን ከምርጫዎቹ ውስጥ ‹የታመመው ቤት› የሚል ፈለግሁ፤ የለም። ‹ፈጣም ሞላ› የሚልም የለም። የማላውቃቸው ሰዎች ተሰልፈው የቆሙ መሰለኝ።»

አብራት የወደቀ ሌላም ነበር፤ አብዛኛው ግን በሌላ ትምህርት አካክሶ አለፈ። በእሷ ላይ ግን ጥር እየመጣባት ነው። በዚያው ሳምንት መኪና ይዤ ቡሬ ወረድሁ።

መምህር ገላው ጡረታ ወጥተው ቤታቸው ነበሩ። ሁሉንም ነገርኋቸው። አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። «ክርስትና ሳታስነሺው ልጅ አሳደግሽ በይኛ» አሉኝ። ቀጥለው «ቅጽል ስም ማውጣታቸው አይከፋም» አሉ። «ሁላችንም የቤት ስም አለን፣ የክርስትና ስም አለን። አንቺን ሰፈር አሰለፈች ይልሻል፤ ቄሱ በጸሎት ሲያነሣሽ ግን የሚጠራው በክርስትና ስምሽ ነው። ፈተናም እንደ ቄሱ ነው፣ የቤት ስም አያውቅም።» ይህን ሲሉኝ ማጥፋቴ ብቻ ሳይሆን ማቃናቱም ታየኝ።

«ማቃናቱ ለሚመጡት ነው። ትርንጎስ?» አልሁ።

«ለትርንጎ ሽማግሌ እንልካለን» አሉ።

«ለምን ተብሎ? ሽማግሌ እኮ የሚላከው ለጋብቻ ነው።»

«ይኸስ ከጋብቻ ያንሳል?» አሉና ካፖርታቸውን ለበሱ።

መስከረም ገብቶ መንገዱ ጠፈፍ ሲል ሄድን። መምህር ገላው፣ አከራይዋ ጋሼ ሰይድ፣ እና እኔ። እስከ ገበዝ ማርያም በአይሱዙ ሄድን፣ ከዚያ ወዲያ ገና ባልደረቀ መንገድ በእግር ነው። ጋሼ ሰይድ ነጭ ጋቢ ደርበው ነበር፤ ጭቃው እስከ ወገባቸው አለበሳቸው። «ሱቄን ዘግቼ ጭቃ ልሸምት መጣሁ» እያሉ ያሥቁን ነበር።

አያ ታከለ ረጅም፣ ጠጉራቸው ገብስማ፣ ዓይናቸው ፈጣን ሰው ናቸው። «ግቡ፣ አረፍ በሉ» አሉን። በሽማግሌ ወግ ጉዳያችሁን እስኪሰሙላችሁ አትቀመጡም። ቆምን።

«ቤት ለእንግዳ ነው፣ ምነው ቆማችሁ?» አሉ።

«ጉዳያችንን ሳይሰሙን አንቀመጥም» አሉ መምህር ገላው።

«ጉዳያችሁ ልጅ ከሆነ ዘግይታችኋል። ተጠይቃለች።»

«ሰምተናል። እኛ የምንጠይቀው ልጅቱን አይደለም፤ አንድ ዓመቷን ነው።»

«ዓመቷን?»

«አንዲት ዓመት፣ ለትምህርቷ። በግሏ እንደገና ትፈተን።»

አያ ታከለ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «እግዚኦ! ለትምህርት ሽማግሌ ሲላክ ዛሬ አየሁ!» አሉ። «ልጅቱ እኮ ወድቃለች። ቃሌን ደግሞ ለሰው ሰጥቻለሁ።»

ይኸን ጊዜ አላስቻለኝም። በሽምግልና መሐል ሴት አፏን እንደማትከፍት አውቃለሁ፤ ከፈትሁት። «አያ ታከለ፣ እሷ አልወደቀችም። የወደቅሁት እኔ ነኝ። ነገሩን አስተምሬያት ስሙን ሳልነግራት ነው ወደ ፈተና የሰደድኋት» አልሁ።

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። ከዚያ ቀስ ብለው «እንግዲያውስ የወደቁት እርስዎ ከሆኑ፣ መዳር የነበረብን እርስዎን ነዋ!» አሉ።

«እኔማ ተድሬያለሁ፤ ዘግይተዋል» አልኋቸው።

ቤቱ በሳቅ ሞላ፤ ከሁሉ አብልጠው የሳቁት ራሳቸው ናቸው። ትርንጎ ከጓዳ ሆና ትሰማለች፤ እሷ ስትስቅ ግን አልሰማሁም። ሳቁ ሲያበቃ አያ ታከለ ፊታቸውን ሰብሰብ አድርገው «ዋስ ጥሩ» አሉ።

ዋስ በኛ አገር ቀልድ አይደለም። ዋስ የገባ ሰው ነገሩ ቢፈርስ ገበያ ላይ ፊቱን ቀና አድርጎ አይሄድም። «ዋሷ እኔ ነኝ» አልሁ። ጋሼ ሰይድም «እኔም አለሁበት፤ ልጅቱ ከልጆቼ ጋር ነው የምትበላው» አሉ።

«እሺ» አሉ አያ ታከለ። «ወዲያኛዎቹን ሽማግሌዎች ዓመት ታገሡኝ እላለሁ። ዳግመኛ ከወደቀች ግን ሠርጓ ላይ ይመጣሉ። ሙሽራ ሲሸኝ የሚዘፈነውን ዘፈን አውጭዋ እርስዎ ይሆናሉ።»

«እሆናለሁ» አልሁ። ከዚያ ተቀመጥን። የቀረበልኝን ጠላ ስጠጣ፣ ትርንጎ ሙሽራ ሆና ተከናንባ ስትወጣ፣ እኔ ከፊት ሆኜ እያጨበጨብሁ ስዘፍን ታየኝ። ዓመቱን ሙሉ ከዓይኔ አልጠፋም።

ፍኖተ ሰላም እንደተመለስን ርእሰ መምህሩን ለምኜ ትርንጎን ክፍሌ ውስጥ ከኋላ አስቀመጥኋት። ግድግዳ አቁሜያለሁ ያልኋችሁ ይህን ነው። ልጆቹ እንደ ወትሮው ግጥሙን ይሰማሉ፣ ይከራከሩበታል፣ የራሳቸውን ይሠራሉ፣ የቤት ስም ያወጣሉ። ክርስትናው ግን በዚያው ሳምንት ሆነ፣ ዓመቱ እስኪያልቅ አይጠብቅም። ደግሞ ለእያንዳንዱ ዘይቤ የክርስትና አባት ወይም እናት አቆምሁለት። የክርስትና እናቱ የሆነች ልጅ መንገድ ላይም ሆነ ቧንቧ ዘንድ ስትጠየቅ ሁለቱንም ስሙን፣ ትርጉሙንና አንድ ምሳሌ ካላመጣች ለክፍሉ ቆሎ ታመጣለች።

የጋሼ ሰይድ ልጅ ኑሩ በዚያ ክፍል ነበር። እጁን አወጣና «ቲቸር፣ እኔ የክርስትና አባት ብሆን አባቴ ምን ይለኛል?» አለኝ።

«አንተ ዋስ ሁነው» አልሁት። ለግነት ዋስ ሆነ። ጋሼ ሰይድ ሲሰሙ «አባትና ልጅ ለአማርኛ ዋስ ሆነን ቀረን» አሉ።

ትርንጎን «የትኛውን ታነሺያለሽ?» ስላት፣ «ሰውኛን» አለች። «ያዋረደኝ እሱ ነው፣ እኔው ላሳድገው።»

አሳደገችው። ሰውኛን ብቻም አይደለም፤ ምፀቱንም፣ እንቶኔውንም፣ የልብ ወለዱን መቼትና ሴራ ሳይቀር የሌሎቹን የክርስትና ልጆች ሁሉ ታባብል ነበር። ትንንሾቹ ሲጠፋባቸው ወደ እኔ መምጣት ትተው ወደ እሷ መሄድ ጀመሩ። እኔም አልቀናሁም፤ እሺ፣ ትንሽ ቀናሁ።

የፈተናው ቀን ከበሩ ፊት ለፊት ቆሜ ጠበቅኋት። ሌሎቹ እየተሯሯጡ ወጡ። እሷ በዝግታ፣ መሬት መሬት እያየች መጣች። አፌን በዳቦ፣ ያ የሠርግ ዘፈን ጆሮዬ ውስጥ ገባ። አጠገቤ ደርሳ ቀና አለች።

«ቲቸር፣ ልጄ መጣ» አለችኝ።

«የምን ልጅ?»

«ሰውኛ። በክርስትና ስሙ ተጽፎ መጣ። ሳየው ልስመው ምንም አልቀረኝ።»

እዚያው መንገድ ላይ አቅፌያት አለቀስሁ። ሰው ያየኛል አላልሁም።

ውጤቱ ሲመጣ አማርኛን ኤ አግኝታ መሰናዶ ገባች። እልል ያልሁት ራሴ ነኝ፤ ጎረቤቴ ወንድ ልጅ የተወለደ መስሏት ሮጣ መጣች።

ትርንጎ መሰናዶ ከገባች ጥቂት ቆይቶ፣ አንድ ቅዳሜ በሬ ተንኳኳ። ስከፍተው አያ ታከለ ናቸው፤ ከአንድ የአገራቸው ሽማግሌና ከጋሼ ሰይድ ጋር ተሰልፈው ቆመዋል። ትርንጎም ከኋላቸው አለች፣ አንዲት ትንሽ ልጅ እጇን ይዛለች። ሦስቱ ሰዎች ልጆቹን አስከትለው ገቡና ቆሙ።

«ኧረ አረፍ በሉ!» አልሁ።

«ጉዳያችንን ሳይሰሙን አንቀመጥም» አሉ አያ ታከለ። ሳቄ መጣ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም።

«ምን ልታዘዝ?»

«ለልጅ ነው የመጣን።»

«እኔ ሴት ልጅ የለኝም እኮ አያ ታከለ።»

«ልንሰጥዎ ነው እንጂ ልንወስድማ አይደለም» አሉ። «ለትርንጎ የገቡት ዋስትና ወርዷል፤ በሰው ፊት አውርጄልዎታለሁ። አሁን ደግሞ ለዚህች ይግቡልኝ። ታናሿ ናት። ከእርስዎ ዘንድ ትማር።» ትንሿን ልጅ አየት አድርገው ቀጠሉ። «እውነቱን ልንገርዎ፣ መላኩ አልቀለለኝም። ትርንጎ ከሄደች ወዲህ ቤቱ ታሞብናል፤ ይህችም ስትሄድ ይብስበታል። ይሁን። ይታመም።»

ከትርንጎ ጋር ተያየን። ሁለታችንም አፋችንን ያዝን፤ እሷ ግን አልቻለችም። «አባዬ፣ ሰውኛ ተናገርህ!» አለች።

አያ ታከለ ወደ እኔ ዞረው «ጥፋት ነው?» አሉ።

«ኧረ ሽልማት ነው!» አልሁ። «ዋስነቱን ገብቻለሁ። ተቀመጡልኝ።»

ተቀመጡ። ትንሿ ልጅ ቀሚሴን ጎተት አድርጋ «ሰውኛ ምንድን ነው?» አለችኝ። ጎንበስ ብዬ ጉንጯን ሳምኋትና ከመሶቡ ጎን ካለው ሰሐን አንድ እፍኝ ቆሎ ዘገንሁላት።

«መጀመሪያ ቤቱ ለምን እንደታመመ ንገሪኝ» አልኋት። «ስሙ ኋላ ይመጣል። አይቀርም።»